ሰምቶ መጻፍ፣ በዕለቱ ማሳወቅ፦ በእንግሊዝ አገር ባሉ ቤተ ክርስቲያኖቻችን የሴፍጋርዲንግ ኃላፊ ሥራ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርቷ ጠጋ ብላ «አንድ ልጅ ዛሬ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ለማን ልንገር?» ስትል ጥያቄው የሚያርፈው በአንድ ሰው ላይ ነው። ያን ሰው የሴፍጋርዲንግ ኃላፊ ወይም የልጆች ጥበቃ ኃላፊ እንለዋለን። በብዙ ቤተ ክርስቲያን ስሙ በወረቀት ላይ አለ፤ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ቻሪቲ ኮሚሽን ወይም አዳራሽ አከራዩ ስለጠየቀ የተሞላ ስም ነው። ይህ መመሪያ ስሙ ተሞልቶ ሥራውን ግን ማንም ላላሳየው ሰው ነው፤ ለኦርቶዶክሱም ለወንጌላዊውም ያገለግላል።

ሕጉ የእንግሊዝ ነው። ዌልስ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው አሠራር አላቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ልጅ ማለት 18 ዓመት ያልሞላው ሁሉ ነው፤ የ17 ዓመቱ ዲያቆንም፣ የ16 ዓመቷ ዘማሪም በሕግ ፊት ልጆች ናቸው።

ኃላፊው ሽማግሌ አይደለም

ይህ ካልገባ የቀረው ሁሉ አይገባም። ኃላፊው አያስታርቅም፣ አይዳኝም፣ አይመረምርም። የተነገረውን ይቀበላል፣ እንደተነገረ ይጽፋል፣ በዚያው ቀን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ያደርሳል። ነገሩ እውነት ይሁን አይሁን፣ ልጁ ዛሬ የት ይደር የሚለው የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ሶሻል ወርከሮችና የፖሊስ ሥራ ነው። የ1989ኙ የልጆች ሕግ አንቀጽ 47 ልጅ ከባድ ጉዳት እየደረሰበት ነው ወይም ሊደርስበት ይችላል ተብሎ ሲጠረጠር የማጣራት ግዴታ የጣለው በካውንስሉ ላይ እንጂ በሰበካ ጉባኤ ላይ አይደለም።

እኛ ዘንድ ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ለባልና ሚስት ጠብ፣ ለዕቁብ ገንዘብ፣ ለወንድማማች ቂም ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው። ልጅ በተጎዳበት ጉዳይ ግን ሽምግልና ራሱ ጉዳት ያደርሳል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገን ለማነጋገር ሲነሡ ተጠርጣሪው ከፖሊስ በፊት ነገሩን ይሰማል፤ ስልኩን ያጸዳል፣ ልጁን ያባብላል ወይም ያስፈራራል። ልጁ በየስብሰባው ደጋግሞ እንዲናገር ይደረግና ፍርድ ቤት ሲደርስ ቃሉ «ያስጠኑት ነው» ይባላል። በመጨረሻ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተብሎ ልጁ የጎዳውን ሰው ጉልበት እንዲስም ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ለማንም አዋቂ አፉን አይከፍትም።

ገመናን መሸፈን የእኛ ብቻ ድክመት አይደለም። ጆን ስማይዝ የተባለው ጠበቃ በክርስቲያን የወጣቶች ካምፖች ያገኛቸውን ልጆች ለዓመታት ደብድቧል። ጉዳዩን አጣርቶ በኅዳር 2024 የወጣው የማኪን ሪፖርት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ2013 ጉዳዩን ለፖሊስ ማሳወቅ ይችል እንደነበርና ማሳወቅም እንደነበረበት ገለጸ፤ ሊቀ ጳጳሱ ጀስቲን ዌልቢ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ስማይዝ ግን በ2018 ለፍርድ ሳይቀርብ ሞቷል። ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ማንም እስከ መጨረሻው ያላደረሰው ጉዳይ ነበር።

ማን ይሾም

ሁለት ሰው፣ ቢቻል አንድ ወንድና አንዲት ሴት። አንዱ ለበዓል አገር ቤት ሲሄድ ሌላው እንዲኖር ነው። አስተዳዳሪው ካህን ወይም ፓስተሩ፣ የእነሱ ባለቤት፣ የቦርዱ ሊቀ መንበር፣ የልጆች አገልግሎት መሪው መሾም የለባቸውም፤ ከባዱ ክስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ሰዎች ወይም በቅርብ ወዳጆቻቸው ላይ ነውና። የሚሾመው ሰው በእንግሊዝኛ ስልክ ደውሎ ነገሩን እስከ መጨረሻው ማስረዳት የሚችል፣ ምሥጢር የሚጠብቅ፣ በይሉኝታ የማይታሰር ይሁን። ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጥ ብርቅ ነው፤ ፈልጉት።

ኃላፊ ተሾመ ማለት ትረስቲዎቹ (የቦርዱ አባላት) ነፃ ወጡ ማለት አይደለም። በሕግ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው፤ ፖሊሲውን በየዓመቱ ማጽደቅ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ከኃላፊው ሪፖርት መስማት አለባቸው። በሪፖርቱ የልጅ ስም አይነሣም፤ ስንት ጉዳይ መጣ፣ ስንቱ ተላለፈ፣ የማን ሥልጠና አለፈበት የሚለው ይበቃል። ሥልጠና በየሦስት ዓመቱ መታደስ የተለመደ ነው።

ስልክ ቁጥሩና ኢሜይሉ የቤተ ክርስቲያኑ ይሁን፤ የግል ከሆነ ኃላፊው ሲቀየር ጉዳዩም አብሮት ይሄዳል። ፎቶግራፍና ቁጥር ያለበት ወረቀት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ትግርኛ ተናጋሪ ካለ በትግርኛም ይለጠፍ። መግቢያው ላይ ብቻ ሳይሆን በመጸዳጃ ቤቶቹ በር ውስጠኛ ገጽ ላይም ይለጠፍ፤ ሰው ሳያየው ቁጥር መገልበጥ የሚችለው እዚያ ነው። ከታቹ ልጆች ራሳቸው የሚደውሉበት የቻይልድላይን 0800 1111፣ የልጆች ጥበቃ ድርጅቱ የኤንኤስፒሲሲ 0808 800 5000፣ የፖሊስ 999 ይጻፍ። አብያተ ክርስቲያናትን የሚያማክረው ሠርቲ ዋን ኤይት የተባለው ድርጅት በ0303 003 1111 ይገኛል፤ ግራ ሲገባ ደውሎ መጠየቅ ነው።

ልጅ ሲናገር

ልጅ የሚናገረው ለመረጠው ሰው ነው፤ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ኃላፊው አይሆንም። መምህሯ፣ የመዝሙር አሠልጣኙ፣ ወጥ ቤት የምታግዘው እናት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ለአገልጋዮች ሁሉ አስተምሩ።

ልጁን አታቋርጡት፣ አትደንግጡበት። «ስለነገርከኝ ደግ አድርገሃል» በሉት። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ይልቅ «ይህን የሚረዱ ሰዎች አሉ፣ ለእነሱ መንገር አለብኝ» በሉ። ጥያቄ ካስፈለገ ክፍት ይሁን፤ «እስኪ ንገረኝ»፣ «ከዚያስ?»፣ «እንዴት እንደነበር አስረዳኝ»። «አባትህ ነው የመታህ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን በልጁ አፍ ማስገባት ነው። ማን እንደሆነና አሁን አደጋ ላይ መሆኑን ካወቃችሁ ይበቃል፤ ዝርዝሩን ለሠለጠነ ጠያቂ ተዉለት።

እኛ ዘንድ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ማስማል። «ማርያምን በይ»፣ «በመስቀሉ ፊት እውነቱን ተናገር» ማለት ለልጅ ማስፈራራት ነው። ለሁለተኛ ሰው እንዲደግም «ና፣ ለአባም ንገራቸው» ማለትም እንዲሁ። ልብስ ገልጦ ቁስል ማየት፣ ፎቶ ማንሣት፣ ተጠርጣሪው ጋ ደውሎ «እንዲህ ተብሏል፣ እውነት ነው?» ማለት ፈጽሞ አይደረግም። የወሲብ ጥቃቱ የቅርብ ከሆነ ልጁ እንዳይታጠብ፣ ልብሱም እንዳይታጠብ አድርጋችሁ ወዲያው 999 ደውሉ።

አጻጻፉ

ማስታወሻውን የሚጽፈው ከልጁ አፍ የሰማው ሰው ነው፤ ኃላፊው አይጽፍለትም። በዚያው ሰዓት፣ በእስክሪብቶ። ስሕተት ካለ በአንድ መስመር ይሰረዝና ጎኑ ላይ ይፈረም። በመዝሙር ወረቀት ጀርባ የተጫረ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያው ወረቀት አይጣል፤ በንጹሕ የተገለበጠው ከእሱ ጋር ይያያዝ።

የታየና የተሰማ ብቻ ይጻፍ። «ፈርቶ ነበር» ግምት ነው፤ «እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በሩን ደጋግሞ ያይ ነበር» ምስክርነት ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ኃላፊ እዚህ ላይ ማንም የማይተካው አገልግሎት መስጠት ይችላል። የልጁ ቃል በተናገረበት ቋንቋ ይጻፍ፣ ትርጉሙ ከሥር ይቀመጥ፣ የተረጎመው ሰው ስሙን ይጻፍ። «ነካኝ» የሚለው ቃል መነካካትም፣ መምታትም፣ መተናኮልም ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝኛ አንዱን መርጣችሁ ብትጽፉ ምርመራውን ታጣምማላችሁ። «ቀጣኝ» ቁጣም ግርፋትም ነው። «አስቸገረኝ» ከጨዋታ እስከ መደፈር ያለውን ሁሉ ሊሸፍን ይችላል። እዚህ የተወለዱ ልጆች ግማሹን በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ እንደተናገሩት ቀላቅላችሁ ጻፉ።

ሰዓት ደግሞ አለ። «ማታ ሁለት ሰዓት» ላይ ሆነ የተባለው ነገር በእንግሊዝ ሰዓት ምሽት 8 ሰዓት ነው፤ «ሌሊት ስምንት ሰዓት» ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት ተጠርጣሪው «እኔ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበርሁ» እንዲልና እንዲታመን ያደርጋል። ሁለቱንም አጻጻፍ አስቀምጡ። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ፦ በእኛ አቆጣጠር በ2002 የተወለደች ልጅ በአውሮፓውያን 2009 ወይም 2010 ነው የተወለደችው። ቁጥሩ ሳይቀየር ፎርም ላይ ከወረደ የ15 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ የ22 ወይም የ23 ዓመት ሴት ትሆናለች፤ ከልጆች ጥበቃም ትወጣለች።

ስምም ይጠንቀቁበት። የሶሻል ወርከሩ ፎርም «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ የእኛ ልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ነው፣ የእናቱ ሁለተኛ ስም የአያቱ። እናትና ልጅ የማይዛመዱ ሊመስሉ፣ ወንድማማቾች በተለያየ ፋይል ሊቀመጡ ይችላሉ። በፓስፖርት ላይ ያለውን የላቲን ፊደል አጻጻፍ፣ የቤት ስሙን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጠራበት ከሆነ የክርስትና ስሙንም አብራችሁ ጻፉ።

ሰነዱ በተቆለፈ ሳጥን ወይም የይለፍ ቃል ባለው ፋይል፣ ለሁለቱ ኃላፊዎች ብቻ። «የግል መረጃ ሕግ አይፈቅድም» የሚል ሰው ቢነሣ፣ የ2018ቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ልጅንና ተጋላጭ ሰውን ለመጠበቅ መረጃ ማካፈልን በግልጽ ይፈቅዳል። በአሌክሲስ ጄይ የተመራው የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት አጣሪ ኮሚሽን በ2022 የመጨረሻ ሪፖርቱ የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃትን የሚመለከት ሰነድ ለ75 ዓመት እንዲቀመጥ መክሯል። ብዙ ሰው የልጅነት ጉዳቱን የሚናገረው አርባና ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ስለሆነ ነው።

ለማን ይደወላል

አሁን የሚያሰጋ ነገር ካለ 999። ከዚያ ውጭ የሚደወለው ልጁ ለሚኖርበት ካውንስል የልጆች አገልግሎት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ላለበት አይደለም። ለንደን ውስጥ አንድ ደብር ላይ ከአሥር ካውንስል የሚመጣ ምእመን አለ፤ ምእመናኑ ከሚኖሩባቸው አካባቢዎች የሁሉንም ቁጥር አስቀድማችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራውን የድንገተኛ መስመር ጨምሩ፤ የእኛ ጉዳይ የሚመጣው እሑድ ከሰዓት ነውና ቢሮው ዝግ ነው። «ሰኞ እደውላለሁ» ብሎ ልጁን ወደዚያው ቤት መላክ ትልቁ ጥፋት ነው።

ስትደውሉ እነዚህን በእጃችሁ ያዙ፦ የልጁ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ ትምህርት ቤት፤ ያለው ነገር በራሱ ቃል፤ ቤት ውስጥ ሌሎች ልጆች መኖራቸው፤ አሁን ያለበት ቦታና ማታ የሚሄድበት ቤት፤ የቤተሰቡ ቋንቋ። ያነጋገራችሁን ሰው ስም፣ ሰዓቱንና የመዝገብ ቁጥሩን ጻፉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያንኑ በጽሑፍ ላኩ። ሶሻል ወርከሩ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ምን እንደሚደረግ መወሰን አለበት። በሦስት የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ መልሳችሁ ደውሉ፤ ውሳኔው ልጁን የማይጠብቅ ከመሰላችሁ የክፍሉን ኃላፊ ጠይቁ። የማይደውል ሰው ፋይል ይረሳል።

ወላጅ ይነገረው ወይ? በመደበኛው አዎን፤ «ለካውንስሉ ልናሳውቅ ነው» ብሎ በግልጽ መንገር የተሻለ ነው። መንገሩ ልጁን የባሰ አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ግን አይነገርም፤ የወሲብ ጥቃት፣ የሴት ልጅ ግርዛት፣ በግድ መዳር እዚህ ውስጥ ናቸው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ካውንስሉን ጠይቃችሁ አድርጉ።

አስተርጓሚ ከፈለጉ እናንተ አትሁኑ። የደብሩም ሰው አይሁን፣ ልጁም ለወላጁ አያስተርጉም። «ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ባለሙያ» ብላችሁ ጠይቁላቸው፤ ያለዚያ ወላጅም ልጅም ነገ ቅዳሴ ላይ በሚያገኙት ሰው ፊት አይናገሩም።

ክሱ በአገልጋይ ላይ ሲሆን

በየካውንስሉ ከልጆች ጋር በሚሠሩ ሰዎች ላይ የሚቀርብ ክስን የሚከታተል ሹም አለ፤ በምሕጻረ ቃል ላዶ ይሉታል። በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ለእሱ ይነገራል። ላዶው እስኪፈቅድ ለተከሰሰው ሰው ምንም አይነገርም፤ በአውደ ምሕረት፣ በቴሌግራም፣ በቦርድ ስብሰባም ጉዳዩ አይነሣም። በኦርቶዶክስ ደብር ለሀገረ ስብከቱ የሚነገረውም ከዚያ በኋላ ነው።

ሰውየውን ለጊዜው ከአገልግሎት ማንሣት ፍርድ አይደለም፤ እሱንም ከተጨማሪ ክስ ይጠብቀዋል። ለእሱም ለልጁ ቤተሰብም የሚያነጋግራቸው የተለያየ ሰው መድቡ፤ አንድ ሰው ለሁለቱም አይሆንም።

ከሰኔ 28 ቀን 2022 ጀምሮ የሃይማኖት መሪና አሠልጣኝ በኃላፊነቱ ሥር ካለ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ጋር ወሲባዊ ግንኙነት ቢያደርግ ወንጀል ነው። «ተፈቃቅደው ነው»፣ «ሊያገባት ነው» የሚለው አይሠራም።

ልጆችን በመጉዳቱ ወይም ሊጎዳ ስለሚችል ልጆችን ከማስተማር ወይም ከመጠበቅ አገልግሎት የተነሣ ሰው ስሙ ለዲቢኤስ (ከልጆች ጋር የሚሠሩ ሰዎችን የወንጀል ታሪክ ለሚያጣራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) መላክ አለበት፤ ሕጋዊ ግዴታ ነው። ሳይነሣ በፊት ራሱ ቢለቅም ግዴታው አይቀርም። «በሰላም ይሰናበት» ብሎ በምስጋና ደብዳቤ ወደ ሌላ ከተማ ደብር መሸኘት ሌላ ልጅ ማስጎዳት ነው። ትረስቲዎቹም ለቻሪቲ ኮሚሽን ከባድ ክስተት ብለው ያሳውቃሉ፤ ለመድን ድርጅቱም እንዲሁ።

የኑዛዜ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ልጅ በግቢው፣ በመኪና ውስጥ፣ ወጥ ቤት ለመምህሩ የነገረው ነገር ኑዛዜ አይደለም፤ ሰሚው ካህን ስለሆነም ኑዛዜ አይሆንም። ከላይ ያነሣነው አጣሪ ኮሚሽን ማሳወቅ የሕግ ግዴታ እንዲሆን፣ የሃይማኖት ምሥጢርም ከዚህ ነፃ እንዳያደርግ መክሯል። የንስሐ አባቶች ከሀገረ ስብከታቸው ጋር ይህን አስቀድመው ይነጋገሩበት እንጂ ጉዳይ በመጣበት ማታ አይሆንም።

እኛ ዘንድ በተለይ የሚያጋጥሙ

ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከኮት ዲቩዋር ያመጣቻት የወላጇ አክስት ናት። ለንደን ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወስዳ አገልጋዮች ክፉ መንፈስ አለባት አሉ፤ ገላዋ ላይ ያለው ቁስል ከጭካኔ የመጣ ነበር። በየካቲት 2000 ሞተች። በ2010 የገና ዕለት ደግሞ የ15 ዓመቱ ክሪስቲ ባሙ ጠንቋይ ነህ ተብሎ በእኅቱና በፍቅረኛዋ ተሠቃይቶ ተገደለ። ልጅ አልጋ ላይ ሲሸና፣ ሲያስቸግር፣ ሲንቀጠቀጥ «ቡዳ በላው»፣ «መንፈስ አለበት» የሚባልበት ቤት ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ጸበልና ጸሎት ላይ የተጻፈ ደንብ ይኑር፦ ልጅን መንፈስ አለብህ ብሎ በአደባባይም በግልም አለመወንጀል፤ ወላጅና ሁለተኛ አዋቂ በሌለበት አለመጸለይ፤ አለመያዝ፣ አለማሰር፣ አለመምታት፣ ምግብና ውኃ አለመከልከል፤ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት «አቁም» አለማለት። ደንቡን የጣሰ ሰው ላይ እንደማንኛውም ጉዳት ለካውንስሉ ይነገራል።

«አክስቴ ጋ ነው የምኖረው» የሚል ልጅ ሲያጋጥማችሁ ቆም በሉ። እኛ የእናት ጓደኛንም አክስት እንላለን። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ አካል ጉዳተኛ ከሆነ ከ18 በታች፣ ከቅርብ ዘመድ ውጭ 28 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከኖረ ካውንስሉ መታወቅ አለበት። ቅርብ ዘመድ አያት፣ ወንድም፣ እኅት፣ አጎት፣ አክስት፣ የእንጀራ ወላጅ ነው፤ የአጎት ልጅና የወላጅ አክስት አይቆጠሩም። ብዙ ቤተሰብ ይህን የማያሳውቀው ሕጉን ስለማያውቅ ነውና በክስ ሳይሆን በምክር ጀምሩ።

ከየካቲት 27 ቀን 2023 ወዲህ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መዳር ወንጀል ነው፤ በመንግሥት መዝገብ ያልገባ የቤተ ክርስቲያን ወይም የባህል ሥነ ሥርዓትም ይካተታል። «ቃል ኪዳኑን እናስርላቸው፣ ሰርጉ በኋላ» የሚለውም እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ልጅቷ ራሷ በግድ ልዳር ነው ካለች ቤተሰብ አትጥሩ፤ በግድ መዳርን የሚከላከለው የመንግሥት ክፍል በ020 7008 0151 ይመክራል። የግርዛት ጥርጣሬም፣ በተለይ ከክረምት ዕረፍት በፊት ወደ አገር ቤት «ለትልቅ በዓል» የምትሄድ ሕፃን ሲኖር፣ ለካውንስሉ ወይም ለፖሊስ በዕለቱ ይነገራል።

ግርፋትን በተመለከተ እንግሊዝ ወላጅ በፍርድ ቤት «ምክንያታዊ ቅጣት ነው» ብሎ የሚያቀርበውን መከላከያ እስካሁን አልሻረችም፤ ዌልስ ከመጋቢት 2022፣ ስኮትላንድ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ከልክለዋል። መከላከያው ግን ጉዳት ለሚያደርስ ምት አይሠራም፤ ቀበቶ፣ አለንጋ፣ በርበሬ ማጠን ከዚህ ውጭ ነው። በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እጅማ ምንም ዓይነት ምት አይፈቀድም። «አገር ቤት እንዲህ ነው» ለሚል፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆችን በሚያሳድጉና በሚያስተምሩ ተቋማት የአካል ቅጣትን ይከለክላል።

አገልጋይ ሲመለመል

የማመልከቻ ፎርም፣ ቃለ መጠይቅ፣ ሁለት ምስክር (ቢያንስ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ)፣ የራስ መግለጫ፣ ከዚያ ዲቢኤስ። «እኛው ያሳደግነው ዲያቆን ነው» ለማንም ነፃ ማለፊያ አይሆንም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ወይም በ30 ቀን ውስጥ አራት ቀንና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከሌሊቱ 2 እስከ 6 ሰዓት (በእኛ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት) ባለው ጊዜ ልጆችን ያለ ተቆጣጣሪ የሚያስተምር ወይም የሚጠብቅ ሰው የተከለከሉ ሰዎች ዝርዝርን ጨምሮ ጥልቁ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ለበጎ ፈቃደኛ ነፃ ነው። ሰርቲፊኬቱ የሚደርሰው ለራሱ ለአመልካቹ ስለሆነ ዋናውን ወረቀት አምጥቶ ያሳያችሁ። አመልካቹ የተጠራባቸውን የስም አጻጻፎች ሁሉ ይጻፍ፤ «ኃይሌ» በሦስት ዓይነት የላቲን ፊደል ሊገኝ ይችላል።

ዲቢኤስ ኢትዮጵያ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር የተሠራን ወንጀል በአብዛኛው አያሳይም፤ ንጹሕ መሆኑ ምንም የለም ማለት አይደለም። ከውጭ ለተመለመለ አገልጋይ ከዚያ አገር የመልካም ሥነ ምግባር ማስረጃ ይጠየቅ። ከአገር ቤት ለጉባኤ የመጣ መምህር፣ ዘማሪ ወይም ነቢይ ከልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም፤ ልጅ ባለበት ቤት የሚያርፍ ከሆነም ወላጆቹ ይህን ማወቅ አለባቸው።

አዳራሹ፣ ሌሊቱና ስልኩ

ኤንኤስፒሲሲ የሚመክረው መጠን ይህ ነው፦ ከ4 እስከ 8 ዓመት ለስድስት ልጅ አንድ አዋቂ፣ ከ9 እስከ 12 ለስምንት፣ ከ13 እስከ 18 ለአሥር። ልጆቹ ሦስት ብቻ ቢሆኑም አዋቂው ከሁለት አያንስ፤ ሁለቱም ባልና ሚስት አይሁኑ።

የትንሣኤና የገና ሌሊት ከሁሉ ይበልጥ ያሳስባል። ወላጅ ማኅሌት ላይ ነው፣ ልጅ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል፣ መብራቱ ደብዝዟል፣ የማይታወቅ እንግዳ ብዙ ነው። ልጅ ወይ ከወላጁ አጠገብ ይተኛ፣ ወይ የተጣሩ ሁለት ሰዎች ባሉበት፣ መብራት በበራበት፣ በሩ ገርበብ ባለ አንድ ክፍል፤ የገባና የወጣ ይመዝገብ፣ ልጁን የሚረከበው ያስረከበው ሰው ብቻ ነው። በኪራይ አዳራሽ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሌላ ማን ሕንፃው ውስጥ እንዳለ፣ መጸዳጃውን ማን እንደሚጋራ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

መምህር ለልጅ በግል በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም አይጻፍ፤ ወላጅና ሁለተኛ መምህር ያሉበት ቡድን ይሁን። ቅዳሴው በቀጥታ የሚተላለፍ ከሆነ ካሜራው የማይደርስበት ቦታ ይኑር፤ ከጥቃት አምልጠው በማይታወቅ አድራሻ የሚኖሩ እናትና ልጅ በዩቲዩብ ሊገኙ ይችላሉ።

አዋቂዎችም አሉ

የ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ አንቀጽ 42 የሚጠብቀው የእንክብካቤ ፍላጎት ያለበትን፣ በዚያም ምክንያት ራሱን ከጥቃት ማዳን ያቃተውን አዋቂ ነው። እንግሊዝኛ የማይችሉ፣ ባንክ ካርዳቸውን ልጃቸው የያዘባቸው እናት፤ ፓስፖርቷ ተይዞባት በሰው ቤት ያለ ደመወዝ የምትሠራ፤ መድኃኒቱን አቁሞ ጸበል ብቻ የሚጠጣ የአእምሮ ሕመምተኛ። ልዩነቱ ፈቃድ ነው፤ የማሰብ ችሎታው ያለው አዋቂ «አትንገሩብኝ» ካለ ቃሉ ይከበራል፤ ሌላ ሰው አደጋ ላይ ካልሆነ፣ ወንጀል ካልተሠራበት ወይም እምቢታው ከማስፈራራት ካልመጣ በቀር።

በልጅ ጥቃት የተፈረደበት ሰው ማምለክ ቢፈልግ አይከለከልም፤ ግን ፖሊስና ፕሮቤሽን (የተፈረደበትን ሰው የሚከታተለው የመንግሥት ክፍል) ባሉበት የተጻፈ ስምምነት ይፈርማል። የሚመጣበት ሰዓት፣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ አብሮት የሚሆነው ሰው ይወሰናል፤ ቁልፍ አይይዝም፣ ዝክርና ልደት ባለበት ልጆች የሚበዙበት ቤት አይሄድም። ስምምነቱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል። የማይፈርም ከሆነ አይገባም።

ኃላፊነቱን ስታስረክቡ ከተተኪው ጋር ተቀምጣችሁ ክፍት ጉዳዮችን አንድ በአንድ አሳልፉ፤ የመዝገብ ቁጥር፣ የሶሻል ወርከሩ ስም፣ የሚጠበቀው ቀጣይ ቀን። የሳጥኑን ቁልፍና የይለፍ ቃሉን አስረክቡ፤ በግል ስልካችሁ የቀረ መልእክት ካለ ወደ ፋይሉ ገልብጡና ሁለታችሁም ባላችሁበት ደምስሱት። በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ያለው ፎቶግራፍ በዚያው እሑድ ይቀየር።